ወገብ፣ ስኳርና ግፊት፦ የአሶሳና የአካባቢዋ ሴቶች ኑሮና የሜታቦሊክ ጤና

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ተሰምቶ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የዛሬው ትምህርት የሴቶች የዕለት ኑሮ፣ ማለትም አመጋገባቸው፣ ሥራቸው፣ እንቅልፋቸውና ጭንቀታቸው፣ በደማቸው ስኳር፣ በደም ግፊታቸውና በልባቸው ጤና ላይ ምን እንደሚያደርስ ያስረዳል።

ዋናው መልእክት ከወዲሁ ቢነገር ለማስታወስ ይቀላል። የስኳር በሽታና የደም ግፊት የሀብታም ወይም የወፍራም ሰው ሕመም ብቻ አይደሉም፤ ቀኑን ሙሉ ስትደክም የምትውል፣ ቀጠን ያለችና ገቢዋ አነስተኛ የሆነች ሴትም ልትያዝ ትችላለች። መከላከያው ደግሞ በአብዛኛው ከሩቅ የሚመጣ ሳይሆን በአካባቢው ማሳ፣ በቤቱ ማጀትና በቤተሰቡ የሥራ ክፍፍል ውስጥ የሚገኝ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ለመሆኑ የሜታቦሊክ ጤና ሲባል ምን ማለት ነው? ሜታቦሊዝም ሰውነት የተመገበውን ምግብ ወደ ኃይል የሚለውጥበት፣ የተረፈውን የሚያከማችበትና በሚያስፈልገው ጊዜ መልሶ የሚጠቀምበት ሂደት ነው። ገንፎም ሆነ እንጀራ፣ ዳቦም ሆነ ማንጎ ከተበላ በኋላ አብዛኛው ክፍሉ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል፤ ከጨጓራ ጀርባ የሚገኘው ቆሽትም ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን አመንጭቶ ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻ፣ ወደ ጉበትና ወደ ስብ እንዲገባ ያደርጋል።

ጡንቻ በሚሠራበት ጊዜ ይህን ስኳር ያቃጥላል። ሥራው ቀንሶ ምግቡ ሳይቀንስ ሲቀር ግን፣ ጎተራው ሞልቶ እህሉ ደጅ እንደሚፈስ ሁሉ፣ ትርፉ ኃይል በስብ መልክ በሆድ ዕቃ ዙሪያና በጉበት ላይ ይከማቻል፤ ይህም ስብ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማል። ቆሽት ይህን ለማካካስ ለዓመታት ከልክ በላይ ኢንሱሊን ሲያመርት ይቆይና አቅም ሲያንሰው የደም ስኳር ከፍ ይላል፤ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚባለውም ይህ ነው።

የጤና ባለሙያዎች አምስት ምልክቶችን አብረው ይመለከታሉ። እነዚህም የወገብ ዙሪያ መስፋት፣ የደም ግፊት ከፍ ማለት፣ ምግብ ሳይበላ ጠዋት የሚለካው የደም ስኳር ከፍ ማለት፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለው በደም ውስጥ የሚዘዋወር ስብ መብዛትና ጥሩ ኮሌስትሮል የሚባለው ማነስ ናቸው። ከአምስቱ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ ሁኔታው ሜታቦሊክ ሲንድሮም ይባላል፤ ይህም ለስኳር በሽታ፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል። ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ወይም በአንጎል ውስጥ የደም ሥር ሲፈነዳ የሚከሰት ድንገተኛ ሕመም ነው።

እስቲ ይደገም፦ ወገብ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ በደም ውስጥ ያለ ስብና ጥሩው ኮሌስትሮል። ከእነዚህ መካከል የወገብ ዙሪያን ማንኛዋም ሴት ቤቷ ሆና ልትለካው ትችላለች። የልብስ ሰፊ ሜትር ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መካከል በሚገኘው ቦታ ላይ ሳይጠብቅ ዞሮ፣ ትንፋሽ ቀስ ብሎ ከወጣ በኋላ ይነበባል፤ ልኬቱ 80 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊትንና ስኳርን መመርመር ተገቢ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ታዲያ ጉዳዩ ለሴቶች በተለይ የሚነሳው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት እርግዝና ነው። በእርግዝና ወቅት የሚመነጩ ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ስለሚያዳክሙ በአንዳንድ እናቶች ላይ የእርግዝና ስኳር ይከሰታል፤ ከወሊድ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ቢጠፋም እናቲቱ በኋለኛው ዕድሜዋ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏን ከፍ ያደርገዋል። ሁለተኛው ምክንያት የወር አበባ የሚቋረጥበት ዕድሜ ነው፤ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ ቀድሞ በዳሌና በጭን ይከማች የነበረው ስብ ወደ ሆድ ዕቃ ይዞራል፤ ግፊትና ኮሌስትሮልም ከፍ ማለት ይጀምራሉ።

ሦስተኛው ምክንያት በአገሪቱ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ችግሮች ጎን ለጎን መኖራቸው ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው 100 ሴቶች 22 ያህሉ ከሚገባው በታች የከሱ ሲሆኑ፣ 8 ያህሉ ደግሞ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ነበር፤ የክብደት መብዛት ከገጠር ይልቅ በከተማ በእጅጉ ይታያል። የልጅነት ረሃብና የጎልማሳነት ጥጋብ በአንዲት ሴት ሕይወት ውስጥ ሲገናኙ አደጋው ይበረታል።

ይህ ለአሶሳ አካባቢ የተለየ ትርጉም አለው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁና በረሃቡ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች የተነሡ በርካታ ቤተሰቦች በአሶሳ ዙሪያ እንዲሰፍሩ ተደርጓል፤ ያን ጊዜ በእናታቸው ማህፀን የነበሩት ዛሬ አርባ ዓመት ሞልቷቸዋል። በሰሜን ወሎ በራያ ቆቦ ወረዳ የተካሄዱ ጥናቶች በዚያ ረሃብ ዘመን የተፀነሱ ሰዎች በጎልማሳነታቸው ለሜታቦሊክ ሲንድሮም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አመልክተዋል። ምክንያቱም በማህፀን ሳለ ምግብ ያጣ ሰውነት ጥቂቱን ቆጥቦ እንዲያከማች ሆኖ ስለሚፈጠር፣ በኋላ ምግብ ሲበዛ ትርፉን የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ይሆናል። በዚያ ዘመን የተወለዱ ወይም የተፀነሱ አድማጮች ይህን ለጤና ባለሙያ ቢናገሩና ምርመራቸውን ቢያስቀድሙ ይጠቅማቸዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ሥራና እንቅስቃሴ እንለፍ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ገጠሮች የምትኖር ሴት ሥራ እንደሚበዛባት ማንም ያውቃል። የጉሙዝ ሴቶች ውኃ፣ ማገዶና እህል በትከሻ ላይ በሚያርፍ እንጨት ሁለት ጫፍ አንጠልጥለው፣ የአንዱን ጎን ክብደት በሌላው እያመጣጠኑ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ፤ ሸክሙ እንዳይናወጥ የእግር፣ የወገብ፣ የጀርባና የትከሻ ጡንቻዎች ሁሉ በአንድነት ይሠራሉ። በመንጌና በኩርሙክ ወረዳዎች ደግሞ ሴቶች ወንዝ ዳር አጎንብሰው አፈር እያጠቡ ወርቅ ሲፈልጉ ይውላሉ።

እንዲህ ያለ ሥራ ስኳርን ያቃጥላል፤ ነገር ግን ዕረፍትና በቂ ምግብ ካልተጨመረበት ጤናን ሳይሆን ድካምን ያበዛል። ነፍሰ ጡር ሴት ከባድ ሸክም እየተሸከመች መቆየቷ ለእርሷም ለጽንሱም ጎጂ ነው። ስለዚህ ለገጠሯ ሴት የሚሰጠው ምክር ተጨማሪ እንቅስቃሴ አድርጊ የሚል ሳይሆን፣ ቤተሰቡ ሸክሟን ያቅልልላት፣ ምግቧንም ከሁሉ በኋላ የተረፈውን ሳይሆን ከሁሉ ጋር ትብላ የሚል ነው።

በከተማ ያለችው ሴት ሁኔታ ግን የተለየ ነው። ውኃው ከቧንቧ ይመጣል፣ እህሉ በወፍጮ ይፈጫል፣ ወደ ገበያ በባጃጅ ይኬዳል፣ ሥራውም በሱቅ፣ በቢሮ ወይም በሻይ ማፍያ ፊት ተቀምጦ የሚዋልበት ነው። የጉልበት ሥራው ሲቀንስ ምግቡ ብዙ ጊዜ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል፤ እንዲያውም ስኳርና ዘይት ይጨመርበታል። የቤት ሥራ እንቅስቃሴ አይደለም ወይ ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ ይኖራል። እንቅስቃሴ ነው፤ ነገር ግን ትንፋሽን ፈጠን የሚያደርግ ካልሆነ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። ልኩን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ እየተራመዱ መነጋገር መቻል፣ መዝፈን ግን አለመቻል ነው። ግማሽ ሰዓቱ ሊከፋፈልም ይችላል፤ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በኋላ አሥር አሥር ደቂቃ መራመድ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን የደም ስኳር ዝቅ እንደሚያደርግ ተረጋግጧል። በምሽት ብቻዋን መውጣት የምትሰጋ ሴት ከጎረቤቶቿ ጋር ብትሄድ ወይም በግቢዋ ውስጥ ብትመላለስ ጥቅሙን ታገኛለች።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ቀጥሎ የሚመጣው ምግብ ነው። በበርታ ብሔረሰብ ቤት የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ሲቀርብ ምን ይፈጠራል? ባሚያው ሲበስል የሚያወጣው የሚያሟልጭ ፈሳሽ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ፋይበር፣ ማለትም ሆድ የማይፈጨው የአትክልት ክፍል፣ የያዘ ነው፤ ይህም በአንጀት ውስጥ ምግቡን ስለሚያወፍረው ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ማሽላውና ዳጉሳው ከነገለባቸው ከተፈጩ ፋይበራቸው አብሯቸው ይቆያል፤ ለውዝ፣ ሰሊጥ ወይም ባቄላ ሲጨመርበት ደግሞ ምግቡ ፕሮቲንና ጥሩ ስብ ያገኛል። ከአያቶች የተወረሰው ይህ ገበታ ልኩ ከተጠበቀ ዘመናዊው የሥነ ምግብ ትምህርት ከሚመክረው ጋር ይስማማል።

የቀርከሃ ቡቃያም እንዲሁ ነው። ክረምት ሲገባ ከመሬት ብቅ የሚለውን ቡቃያ የአካባቢው ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ሲመገቡት ኖረዋል፤ ፋይበሩ ብዙ፣ ኃይል ሰጪነቱ ደግሞ አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ ጥሬው ቡቃያ መርዛማ ንጥረ ነገር ሊኖረው ስለሚችል ተልጦና ተቆራርጦ በደንብ መቀቀል፣ የተቀቀለበትም ውኃ መደፋት አለበት።

ችግሩ የሚመጣው ይህ ገበታ በፉርኖ ዱቄት ዳቦ፣ በብስኩት፣ በቦምቦሊኖ፣ በፓስታና በነጭ ሩዝ ሲተካ ነው። እነዚህ ምግቦች ፋይበራቸው የተወሰደ በመሆኑ ስኳራቸው ወደ ደም የሚገባው በፍጥነት ነው፤ ረሃቡም ቶሎ ይመለሳል። ፈጽሞ አይበሉ ማለት አይደለም፤ የየቀኑ ምግብ አይሁኑ ማለት ነው። ሳህኑን ለማመጣጠን የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ፦ ግማሹ ባሚያ፣ ጎመን፣ ዱባ ወይም ሌላ አትክልት፣ ሩቡ ባቄላ፣ ምስር፣ ዓሣ ወይም ሥጋ፣ የቀረው ሩብ ደግሞ ገንፎ፣ እንጀራ ወይም ዳቦ ይሁን።

አሶሳ በማንጎዋ የታወቀች ናትና ጥያቄው መነሳቱ አይቀርም፤ ማንጎ ስኳር ያመጣል ወይ? አንድ መካከለኛ ማንጎ ሙሉውን አኝኮ መብላት ለጤነኛ ሰው ችግር የለውም፤ ከነፋይበሩ ስለሚበላ ሆድ ይሞላል። ከብዙ ማንጎ ተጨምቆ ስኳር የተጨመረበት ጁስ ግን ሌላ ነገር ነው። የስኳር በሽታ ያለባት ሴትም መጠኑን ቀንሳ፣ ከሌላ ጣፋጭ ነገር ጋር ሳትደርበው ልትበላ ትችላለች።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር ይገባል? ሦስት ማንኪያ የለመደች ሴት በቀን አራት ብርጭቆ ብትጠጣ አሥራ ሁለት ማንኪያ ስኳር ወሰደች ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው የተሻለው ልክ ለአዋቂ ሰው በቀን ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ብቻውን ከዚህ ይበልጣል። ስኳሩን በአንድ ጊዜ መተው ለሚከብዳት ሴት በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ የሚቻል ነገር ነው፤ ምላስ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ከርከዴም ያለ ስኳር ወይም በጥቂቱ ሊጠጣ ይችላል።

ጨው ሌላው ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት አንድ አዋቂ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በቀን ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚበላ ታይቷል፤ የሚመከረው ግን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ በታች ነው። በዚያው ጥናት ከ100 አዋቂዎች 16 ያህሉ የደም ግፊት ነበረባቸው። በኩብ የሚሸጠው የወጥ ማጣፈጫም ጨው የበዛበት በመሆኑ ከጨው ጋር አብሮ መጨመር ተገቢ አይደለም።

ዘይትም ይታሰብበት። ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ የስብ ዓይነት ነው፤ የሰሊጥ፣ የኑግ ወይም የለውዝ ዘይት ከእርሱ ይመረጣል። ቢሆንም የትኛውም ዘይት በማንኪያ ተለክቶ ቢጨመር ይሻላል፤ ለመጥበሻ የዋለ ዘይትንም ደጋግሞ መጠቀም አይገባም።

በረመዳን የሚጾሙ እናቶች በኢፍጣር ጊዜ ከጥቂት ተምርና ከውኃ ጀምረው፣ ከጣፋጭና ከተጠበሰ ነገር ይልቅ ሾርባና አትክልት ቢያስቀድሙ፣ ሱሁርንም ባይዘሉ መልካም ነው። በኦርቶዶክስ አጽዋማትም ጾሙ ወደ ዳቦና ወደ ጥብስ ብቻ እንዳያዘነብል ሽሮውና ምስሩ ከአትክልት ጋር ይቅረብ። የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ሴት ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሟን ማማከር ይገባታል፤ መድኃኒቱን በራሷ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እንቅልፍና ጭንቀት ከስኳር ጋር ምን አገናኛቸው? ሰው በቂ እንቅልፍ ሲያጣ ወይም ለረጅም ጊዜ በሥጋት ሲኖር ሰውነቱ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጫል፤ ይህም ሆርሞን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ስብንም በሆድ ዕቃ ዙሪያ ያከማቻል። ባለፉት ዓመታት በመተከልና በካማሺ ዞኖች በደረሰው ግጭት ከቀያቸው የተፈናቀሉ፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በአሶሳ ዙሪያ የተጠለሉም ሴቶች ይህን ሸክም በአካላቸው ይሸከማሉ። ሐዘናቸውን የሚሰማ ጎረቤት፣ እድርና የቡና ሰዓት ለጤናቸው በእርግጥ ይጠቅማሉ፤ ሌሊት ለሰባት ወይም ለስምንት ሰዓት ያህል መተኛት የሚችሉበትንም ሁኔታ ቤተሰብ ሊያመቻችላቸው ይገባል።

ትምባሆ፣ በሲጋራም ሆነ በጋያ ቢጨስ፣ የደም ሥርን ይጎዳል፤ የኢንሱሊንንም ሥራ ያዳክማል። አረቄ ማዘውተር ደግሞ ጉበት ላይ ስብ ያከማቻል፤ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። እነዚህን መተው በየትኛውም ዕድሜ ይጠቅማል።

አራስነትም ሊነሣ ይገባል። አራስን በገንፎ፣ በቅቤና በአጥሚት መንከባከብ መልካም ባህል ነው፤ የምታጠባ እናት ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታልና። ማጥባት ራሱ እናቲቱን ከስኳር በሽታ በመጠኑ ይጠብቃታል። ነገር ግን የአራስ ቤቱ ምግብ ከወራት በኋላም ሳይለወጥ ከቀጠለና መወፈር የድሎት ምልክት ተደርጎ ከተወሰደ፣ በየወሊዱ የሚጨመረው ክብደት እየተደራረበ ይሄዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ይህን ሁሉ ማድረግ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል ወይ? በአሜሪካ ለስኳር በሽታ ከተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች ጋር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት፣ በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱትና ከክብደታቸው ጥቂት ለመቀነስ አመጋገባቸውን ያስተካከሉት በበሽታው የመያዛቸው መጠን የማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው በ58 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ለዚሁ ዓላማ ከተሰጠው መድኃኒትም የተሻለ ውጤት ነበር።

እንግዲህ ዋና ዋና ነጥቦቹ ይደገሙ። አንደኛ፣ የወገብ ዙሪያ ይለካ፤ ግፊትና ስኳርም በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ይመርመሩ፤ ግፊትም ሆነ ስኳር ለዓመታት ምንም ሳይሰማ ሊቆይ ይችላልና። ነፍሰ ጡር ሴት በስድስተኛው ወር ገደማ የስኳር ምርመራ ብትጠይቅ መልካም ነው። ሁለተኛ፣ ማሽላውና ዳጉሳው ከባሚያና ከጥራጥሬ ጋር በገበታ ላይ ይቆዩ። ሦስተኛ፣ የሻይ ስኳር፣ ጨውና ዘይት ይቀነሱ። አራተኛ፣ በከተማ ያለች ሴት ትራመድ፤ በገጠር ያለች ሴት ትረፍ።

የመጨረሻው ነጥብ ለባሎች፣ ለልጆችና ለወንድሞች የሚነገር ነው። የአንዲት ሴት ጤና በእርሷ ትጋት ብቻ አይጠበቅም፤ ውኃ የሚቀዳላት፣ ማገዶ የሚሸከምላት፣ ለመራመድና ለምርመራ የምትሄድበትን ሰዓት የሚያስገኝላት ቤተሰብ ያስፈልጋታል። ስለዚህ አድማጮች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ ሴቶች አንዷ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ግፊቷንና ስኳሯን እንድትለካ የቀኑን ሥራዋን ተረከቡላት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)